ጃክ ትራይስ

ጃክ ትራይስ (ሙሉ ስሙ ጆን ጂ. ትራይስ፣ ሜይ 12 ቀን 1902 – ኦክቶበር 8 ቀን 1923 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት 4 ቀን 1894 እስከ መስከረም 27 ቀን 1916 ዓ.ም.) አፍሪካ አሜሪካዊ የኮሌጅ ስፖርተኛ ሲሆን፣ በአሜሪካ እግር ኳስ የመስመር ተጫዋች ነበር። በአዮዋ ክፍለ ሀገር ኤምስ ከተማ የሚገኘውን የአዮዋ ስቴት ኮሌጅ (የዛሬው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ወክሎ ለመወዳደር የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ እርሱ ነው። በዋናው ቡድን የተሰለፈው በሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳት በ21 ዓመቱ ሞተ።

ከሞቱ በኋላ ስሙ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ቆየ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለሃያ ዓመታት ያህል ሳያቋርጡ ባደረጉት ጥረት፣ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም በ1997 ጃክ ትራይስ ስታዲየም ተብሎ ተሰየመ። በአሜሪካ ከፍተኛው የኮሌጅ እግር ኳስ እርከን ውስጥ በአፍሪካ አሜሪካዊ ስም የተጠራ ብቸኛው ስታዲየም እንደ ሆነ ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ትራይስ የተወለደው በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ሃይረም በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አባቱ ግሪን ትራይስ ቀደም ሲል የአሜሪካ ጦር ወታደር ነበሩ። ያገለገሉትም ቡፋሎ ሶልጀርስ በመባል በሚታወቁት የጥቁር ፈረሰኞች ክፍል ውስጥ ነው። ከውትድርና በኋላ በሃይረም አካባቢ በአንድ ቤተሰብ እርሻ ላይ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በ1909 ሲሞቱ ጃክ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እናቱ አና ብቻቸውን አሳደጉት።

በሃይረም የነበሩት ጥቁሮች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጃክ ያደገው ከነጭ ልጆች ጋር እየተጫወተና እየተማረ ነው። እናቱ ግን ልጃቸው ከራሱ ወገኖች ጋር ኖሮ፣ ጥቁር ሰው በሰፊው አሜሪካ ውስጥ የሚገጥመውን ሁሉ እንዲያውቅ ፈለጉ። ስለዚህ በ1918 ገደማ በዚያው በኦሃዮ ወደሚገኘው ትልቁ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ወደ ዘመዱ ቤት ላኩት።

ኢስት ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

በክሊቭላንድ ትራይስ ኢስት ቴክኒካል በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት በስፖርት የታወቀ ነው፤ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ አራት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ጄሲ ኦውንስም ከዓመታት በኋላ የተማረው በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ትራይስ በእግር ኳሱ ቡድን በመስመር ተጫዋችነት ከመታወቁም በላይ በአትሌቲክስ ይሳተፍ ነበር።

የቡድኑ አሠልጣኝ ሳም ዊላመን ይባላል። በእርሱ አሠልጣኝነት ኢስት ቴክኒካል በአገሪቱ ካሉት ጠንካራ የሁለተኛ ደረጃ ቡድኖች አንዱ ሆነ። በ1920 ቡድኑ የአገሪቱን አሸናፊ ለመለየት በተደረገ ግጥሚያ ላይ ለመጫወት አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ኤቨረት ከተማ ተጓዘ፤ በአስተናጋጁ ቡድንም 16 ለ 7 ተሸነፈ።

በ1922 ዊላመን የአዮዋ ስቴት ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ከኢስት ቴክኒካል ተጫዋቾቹ መካከል የተወሰኑት ተከትለውት ወደ ኤምስ ሄዱ። ትራይስ ከነርሱ አንዱ ነበር።

በአዮዋ ስቴት

ትራይስ ለጥናት የመረጠው የእንስሳት እርባታን ነው። ሲመረቅ ወደ ደቡብ አሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ሄዶ ጥቁር ገበሬዎችን በተማረው እውቀት የመርዳት አሳብ ነበረው። በደቡብ የነበሩት አብዛኞቹ ጥቁር ገበሬዎች የሰው መሬት እያረሱ ምርታቸውን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉና በዕዳ የተያዙ ነበሩ።

ይህ መንገድ በዚያው ኮሌጅ ፈር ቀዳጅ ነበረው። የአዮዋ ስቴት የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በ1891 ገብቶ በ1894 የመጀመሪያ፣ በ1896 የማስትሬት ዲግሪውን ተቀብሏል። ከዚያም በአላባማ ወደሚገኘው ተስኪጊ ተቋም ሄዶ ስለ ኦቾሎኒ፣ ስለ ስኳር ድንችና በጥጥ እርሻ የደከመ መሬት ስለሚያገግምበት መንገድ በማስተማር ዕድሜውን አሳለፈ። ትራይስ ኤምስ ሲደርስ ካርቨር በመላው አሜሪካ ስመ ጥር ሳይንቲስት ሆኖ ነበር።

በዘመኑ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን መጫወት አይችልም ነበር። ስለዚህ ትራይስ የ1922ን የውድድር ዓመት በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቡድን አሳለፈ። በአትሌቲክስም በሚዙሪ ቫሊ ኮንፈረንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ውድድር በአሎሎ ውርወራ አንደኛ ወጣ። በትምህርቱም የአማካይ ውጤቱ 90 ከመቶ ገደማ እንደ ነበር ተመዝግቧል።

በ1923 ኮራ ሜይ ስታርላንድ የተባለችውን የኦሃዮ ልጅ አገባ፤ እርሷም ወደ ኤምስ መጣች። ጥቁር ተማሪዎች በኮሌጁ መኝታ ቤቶች እንዲኖሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። አንዳንዶቹ በከተማው ውስጥ አርቺና ናንሲ ማርቲን በተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ይጠለሉ ነበር። ትራይስና ባለቤቱ ደግሞ በመሐል ከተማ በሚገኘው የሜሶኖች ሕንፃ ውስጥ ኖሩ። ትራይስ ትምህርቱንና ልምምዱን እየተከታተለ ኑሮውን የሚደጉመው እየሠራ ነበር።

የመስመር ተጫዋች ሥራ

የአሜሪካ እግር ኳስ በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ተሰልፈው የሚጫወቱት ሲሆን፣ ኳሷ እንቁላል መሳይ ናት፤ በአብዛኛውም የምትያዘው በእጅ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ (9 ሜትር ያህል) ወደፊት መሄድ አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጣል። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ።

በዚህ መስመር ላይ የሚቆሙት የመስመር ተጫዋቾች ይባላሉ። አብዛኞቹ በጨዋታው ሁሉ ኳስ አይነኩም፤ ነጥብም አያስቆጥሩም። ቡድናቸው ሲያጠቃ ሥራቸው በአካላቸው ተጋጣሚውን ገፍቶ ኳስ ለያዘው ጓደኛቸው መንገድ መክፈት ነው። ቡድናቸው ሲከላከል ደግሞ ያንኑ መንገድ ይዘጋሉ። ተመልካች የሚያየው ሯጩን ነው፤ ሯጩ ያለፈበትን ክፍተት ማን እንደ ከፈተው ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ትራይስ ይጫወት የነበረው ታክል በሚባለው ቦታ ነው፤ ይህም በመስመሩ ላይ ከጫፍ ተጫዋቹ ቀጥሎ ወደ መሐል ያለው ስፍራ ነው። ቁመቱ 183 ሴንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ90 ኪሎግራም በላይ ስለ ነበር በዘመኑ ሚዛን ግዙፍ ከሚባሉት ተጫዋቾች ይመደባል።

በ1920ዎቹ ጨዋታው ከዛሬው ይልቅ አድካሚና አደገኛ ነበር። ለማጥቃትና ለመከላከል የተለያዩ ተጫዋቾች አይመደቡም፤ ያው ተጫዋች ሁለቱንም ይሠራል። ከሜዳ የወጣ ሰው ተመልሶ መግባቱ በደንብ የተገደበ በመሆኑ የተጎዳ ተጫዋች ሕመሙን ደብቆ መቀጠሉ የተለመደ ነበር። የራስ ቁሩ ከቆዳ የተሠራ ነው፤ ፊትን የሚሸፍን ፍርግርግ የለውም። ቀደም ሲል በ1905 በጨዋታው የሞቱት ወጣቶች ቁጥር በመብዛቱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን የእግር ኳስ ኃላፊዎች ወደ ዋይት ሃውስ ጠርተው አነጋግረው ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ቢሻሻልም ሞት ፈጽሞ አልቀረም።

የዘር መድልዎ በኮሌጅ እግር ኳስ

በሰሜኑ አሜሪካ ጥቁር ተጫዋቾች ፈጽሞ ያልታዩ አልነበሩም። ትራይስ የሞተበት ጨዋታ አስተናጋጅ የሆነው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ከ1904 እስከ 1906 ቦቢ ማርሻል የተባለ ዝነኛ ጥቁር ተጫዋች ነበረው። በአዮዋ ክፍለ ሀገር ደግሞ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ዱክ ስሌተር እንደ ትራይስ ታክል ሆኖ ከ1918 እስከ 1921 ተጫውቷል፤ የራስ ቁር ሳያደርግ መጫወቱም በዘመኑ አስደናቂ ሆኖ ይወራ ነበር።

ሆኖም አዮዋ ስቴት አባል የነበረበት ሚዙሪ ቫሊ ኮንፈረንስ የደቡብ ጠባይ ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ያካተተ ነበር። ከነርሱም የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተጫዋች ካሰለፈ ቡድን ጋር እንደማይጫወት አሳውቆ ነበር። ስለዚህ ትራይስ በሕይወት ቢቆይ ኖሮም በዚያው የውድድር ዓመት በአንዳንድ ጨዋታዎች ከሜዳ ውጭ መቀመጡ አይቀርም ነበር። ከእርሱ በኋላ ሆሎዌይ ስሚዝ የተባለ ሌላ ጥቁር የመስመር ተጫዋች በ1920ዎቹ አጋማሽ ለአዮዋ ስቴት ተጫውቷል። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 1950ዎቹ ድረስ በቡድኑ ውስጥ ጥቁር ተጫዋች አልታየም።

የሚኒያፖሊስ ጨዋታ

ትራይስ በዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1923 የውድድር ዓመት መክፈቻ ኤምስ ላይ ከሲምፕሰን ኮሌጅ ጋር ነው። አዮዋ ስቴት 14 ለ 6 አሸነፈ። ሲምፕሰን ካርቨር ወደ አዮዋ ስቴት ከመምጣቱ በፊት የተማረበት ኮሌጅ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ቅዳሜ ኦክቶበር 6 ቀን በሚኒያፖሊስ ከተማ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። ሚኒሶታ በትልቅነቱም ሆነ በዝናው ከአዮዋ ስቴት እጅግ የሚበልጥ ቡድን ስለ ሆነ ጨዋታው ለትራይስ እስከዚያ ቀን ካየው ሁሉ ከባዱ ፈተና ነበር። ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት ትራይስ በከርቲስ ሆቴል ወረቀት ላይ ለራሱ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። በዚህ ደብዳቤ በማግሥቱ የሚገባበት ጨዋታ የወገኑን፣ የቤተሰቡንና የራሱን ክብር የሚመለከት መሆኑን፣ ሁሉም ሰው ከእርሱ ታላቅ ነገር እንደሚጠብቅና ያለውን ኃይል ሁሉ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ቀጥሎም እንደ አሠልጣኝ ሆኖ ራሱን ይመክራል፤ ዝቅ ብሎ መቆም፣ ተጋጣሚውን ወደ ኋላ መግፋትና የተጋጣሚን አካሄድ በንቃት መከታተል እንዳለበት ጽፏል። ወረቀቱንም አጥፎ በኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ትራይስ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ። ደኅና ነኝ ብሎ መጫወቱን ቀጠለ። በእረፍት ሰዓትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልወጣም።

በሦስተኛው ሩብ ሚኒሶታ ኳሱን ይዞ በትራይስ በኩል ወደፊት ሮጠ። ትራይስ ከፊት የሚመጡትን ተጫዋቾች ለማፍረስ በአካሉ እየተንከባለለ መንገዳቸውን ዘጋ። በዚህ ዓይነቱ አደራረግ ተጫዋቹ በሆዱ ወይም በጎኑ መውደቅ ሲገባው ትራይስ በጀርባው ወደቀ፤ ሦስት ያህል የሚኒሶታ ተጫዋቾችም በላዩ ላይ ረገጡት። ይህ የመንከባለል ስልት አደገኛ በመሆኑ በኋላ ዘመን ተከልክሏል።

ትራይስ ተነሥቶ ሊቀጥል ቢሞክርም ጓደኞቹ ደግፈው ከሜዳ አወጡት። በሚኒሶታ ወገን የተቀመጡት ተመልካቾች በአንድ ድምፅ ማዘናቸውን እየጮኹ መግለጻቸው በዘመኑ ተዘግቧል። ጨዋታው በሚኒሶታ 20 ለ 17 አሸናፊነት ተፈጸመ።

ሞትና ቀብር

ትራይስ በሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ተወስዶ ታየ። ሐኪሞቹ መጓዝ ይችላል ብለው ስለ ፈቀዱ ከቡድኑ ጋር በባቡር ወደ ኤምስ ተመለሰ። ቡድኑ በተሳፈረበት ፉርጎ ውስጥ በገለባ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ነበር የተጓዘው። ኤምስ እንደ ደረሰ በኮሌጁ ሆስፒታል ተኛ። እሑድ ሕመሙ እየባሰ ሄደ፤ ትንፋሹም አጠረ። ከዲ ሞይን ከተማ የተጠራው ሐኪም በውስጥ አካሉ ላይ ከባድ ጉዳት እንዳለ ተረዳ፤ ቀዶ ጥገና ግን ራሱ ሊገድለው ይችላል ብሎ ፈራ።

ሰኞ ኦክቶበር 8 ቀን ከሰዓት በኋላ ትራይስ ሞተ። የሞቱ ምክንያት በሳንባውና በሆድ ዕቃው ላይ የደረሰው ጉዳትና የውስጥ ደም መፍሰስ ነበር። ባለቤቱ ኮራ ሜይ ከ65 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ለዩኒቨርሲቲው በጻፈችው ደብዳቤ የመጨረሻዋን ሰዓት አስታውሳለች። ወደ ክፍሉ ገብታ ሰላም ስትለው ተመለከታት እንጂ አልመለሰላትም፤ ወዲያው የኮሌጁ የደወል ማማ 9 ሰዓት መሆኑን ሲደውል እንደ ሰማችና እርሱም በዚያው እንዳለፈ ጽፋለች።

በማግሥቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ተቋርጦ በኮሌጁ መካከለኛ ግቢ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። 4,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ተገኙ። የሬሳ ሣጥኑ በኮሌጁ ቀለማት በቀይና በወርቃማ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ደብዳቤው በኮቱ ኪስ ውስጥ ተገኝቶ ስለ ነበር የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሬይመንድ ፒርሰን ለተሰበሰበው ሕዝብ አነበቡት።

የኮሌጁ ማኅበረሰብ ለቤተሰቡ ገንዘብ አዋጣ፤ የተሰበሰበው 2,259 ዶላር ለቀብሩ ወጪና በእናቱ ቤት ላይ ለነበረው ዕዳ መክፈያ ዋለ። ትራይስ የተቀበረው በትውልድ ከተማው በሃይረም ነው። አና ትራይስ ባላቸውን በ1909፣ ልጃቸውን በ1923 አጡ፤ ጃክ አንድያ ልጃቸው ነበር።

ሆን ተብሎ ነውን?

ትራይስ የተረገጠው በዘሩ ምክንያት ሆን ተብሎ ነው ወይስ በጨዋታው ግፊያ የደረሰ አደጋ ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያከራክር ቆይቷል። በሜዳው ላይ ከነበሩት ጓደኞቹ አንዳንዶቹ ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው እንዳጠቁት ሲናገሩ፣ ሌሎች ደግሞ ከተለመደው የተለየ ነገር አላየንም ብለዋል። በዘመኑ የተደረገው ማጣራትም ሚኒሶታን ጥፋተኛ አላደረገም። ሆኖም አዮዋ ስቴት ከሚኒሶታ ጋር የነበረውን የጨዋታ ውል ከ1924 በኋላ አላደሰም። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንደገና የተጋጠሙት በ1989 ነው።

የትራይስ ነገር ብዙ ጊዜ ከጆኒ ብራይት ጋር ይነጻጸራል። ብራይት በዚያው በአዮዋ የሚገኘው የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተጫዋች ነበር። በ1951 በኦክላሆማ በተደረገ ጨዋታ ኳስ ሳይዝ በቡጢ ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። የዲ ሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ድርጊቱን ደረጃ በደረጃ ስላነሡት ማስተባበል አልተቻለም፤ ፎቶዎቹም የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። በትራይስ ጊዜ እንዲህ ያለ ማስረጃ ስላልነበረ ነገሩ በዓይን ምስክሮች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በሰነድ የተረጋገጠው ነገር ሌላ ነው፤ ትራይስ የኖረው በኮሌጁ መኝታ ቤት ማደር በማይፈቀድለት ከተማና ከነአካቴው እንዳይሰለፍ የሚሹ ቡድኖች ባሉበት ኮንፈረንስ ውስጥ ነበር። በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የወገኑን ክብር ቀዳሚ ያደረገውም ይህን እያወቀ ነው።

የስሙ መረሳትና መመለስ

ከሞቱ በኋላ የደብዳቤው ቃል የተቀረጸበት ሰሌዳ በኮሌጁ የስፖርት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዓመታት ሲያልፉ ሰሌዳው አቧራ ለበሰ፤ የሚያነበውም ጠፋ። በ1957 ቶም ኤመርሰን የተባለ ተማሪ አይቶት በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ትራይስ ጻፈ። ጽሑፉ ታሪኩን ከመጥፋት ቢያድነውም ሰፊ እንቅስቃሴ አላስነሣም።

በ1973 ዩኒቨርሲቲው አዲስ ስታዲየም ሊሠራ ሲዘጋጅ አለን ቢልስ የተባለ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ የትራይስን ታሪክ አገኘ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ቻርልስ ሶንና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ ነገሩን እንደ ክፍል ሥራ ይዘው መረመሩት፤ አዲሱ ስታዲየም በትራይስ ስም እንዲጠራም ዘመቻ ጀመሩ። በ1974 የተማሪዎች ምክር ቤት ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ደገፈ።

ስታዲየሙ በ1975 ሲከፈት ግን በቡድኑ ቅጽል ስም ሳይክሎን ስታዲየም ተባለ። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የግንባታው ዕዳ እስኪከፈል ድረስ ስያሜው ይቆይ ብሎ ነበር። ለስታዲየሙ ብዙ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ነበሩና በስሙ ላይ እነርሱም ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ክርክር ተነሣ። ሁለት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ሰው እንዴት ስታዲየም ይሰየምለታል የሚሉም ነበሩ። ተማሪዎቹ በበኩላቸው ስታዲየሙን የሚጠቀሙት ወጣቶች ስለሆኑ ሕይወቱን ለቡድኑ የሰጠ ተማሪ ስም ከገንዘብ ለጋሽ ስም ይልቅ ይገባዋል ብለው ተከራከሩ።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን የጀመሩት ሲመረቁ ለሚቀጥሉት ማስረከብ ነበረባቸው። ጉዳዩ እንዲህ ከአንዱ የተማሪ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆየ። በ1984 አስተዳደሩ መካከለኛ መፍትሔ አቀረበ፤ መቀመጫው ያለበት ሕንፃ ሳይክሎን ስታዲየም፣ ሣር ያለበት መጫወቻ ደግሞ ጃክ ትራይስ ሜዳ ተባለ። ተማሪዎቹ በዚህ አልረኩም። ገንዘብ አዋጥተው በቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው ክሪስቶፈር ቤኔት የተሠራ የነሐስ ሐውልት በ1988 በግቢው መካከል አቆሙ።

በመጨረሻ በ1997፣ ማርቲን ጂሽኪ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ስታዲየሙ በሙሉ ጃክ ትራይስ ስታዲየም ተብሎ ተሰየመ። ሐውልቱም ከግቢው ወደ ስታዲየሙ ተዛወረ። ክፍሉ ውስጥ ጥያቄውን የጀመሩት ተማሪዎች በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ነበሩ።

መታሰቢያዎች

ከ60,000 በላይ ሰው የሚይዘው ጃክ ትራይስ ስታዲየም የአዮዋ ስቴት ቡድን መጫወቻ ነው። የቤኔት ሐውልት ትራይስን የሚያሳየው ኳስ ይዞ ሲሮጥ ወይም ተጋጣሚ ሲገፋ አይደለም፤ በተማሪ ልብሱ ቆሞ ደብዳቤውን ሲያነብ ነው።

በ2022 በስታዲየሙ አጠገብ የሚያልፈው የኤምስ መንገድ የተወሰነ ክፍል በስሙ ተጠራ። ከሞቱ መቶ ዓመት በሞላበት በ2023 ዩኒቨርሲቲው ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን አድርጎ ሊጨርሰው ያልታደለውን የእንስሳት እርባታ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ከሞት በኋላ ሰጠው። ዲግሪውንም ቤተሰቡ ተቀበለለት።

በጎረቤቱ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የኪኒክ ስታዲየም መጫወቻ በ2021 ዱክ ስሌተር ሜዳ ተብሏል። በዚህም በአንድ ክፍለ ሀገር ያሉት ሁለቱ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱት በ1920ዎቹ መጀመሪያ በነበሩ በሁለት ጥቁር ታክሎች ስም በተጠሩ ስፍራዎች ነው። ስሌተር በሙያ ሊግ ለዓመታት ተጫውቶ፣ ሕግ አጥንቶ በሺካጎ ዳኛ እስከ መሆን ደርሷል። ትራይስ ደግሞ አገልግሎቱን ሊሰጣቸው ወዳሰባቸው የደቡብ ገበሬዎች ሳይደርስ ቀርቷል። ዛሬ በኤምስ ጨዋታ በተደረገ ቁጥር በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚጠራው ስም በዋናው ቡድን ሁለት ጊዜ ብቻ የተሰለፈ፣ ነጥብ ያላስቆጠረ የአንድ የመስመር ተጫዋች ስም ነው።